ራጁ ንጹሕ ነው... ጣቴ ግን ያመኛል!

ሰው ሲታመም “ራጅ ተነሥና ይለይልህ” ይባላል። ታዲያ ራጁ ምንም ካላሳየስ? በሽተኛው ዋሽቷል ማለት ነው? ዛሬ የማጫውታችሁ በዚህ ጉዳይ ነው።

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ውስጥ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት እናቶች አሉ። ሁለቱም ሃምሳን ተሻግረዋል። የአንደኛዋ ጣቶች እንደ እንጨት ጉጥ እዚህም እዚያም አብጠው ተወላግደዋል። ራጅ ሲነሡም መገጣጠሚያዎቻቸው ክፉኛ ተጎድተው ታዩ። እሳቸው ግን ቡናቸውን ወቅጠው፣ ልብሳቸውን አጥበው ይውላሉ። “ያመመኝስ ድሮ ነው፤ አሁንማ ለምጄዋለሁ” ነው የሚሉት።

ሁለተኛዋ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆች የሚያስተምሩ ናቸው። ሊጥ ሲያቦኩ፣ ልብስ ሲጨምቁ፣ ቁልፍ ሲያዞሩ የአውራ ጣታቸው ሥር ይጠዘጥዛቸዋል። ራጅ ተነሡ፤ “አጥንቱ ደህና ነው” ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው አላስቀመጧቸውም። “መሣሪያው እንኳ መሰከረብሽ! ሥራ ጠልተሽ ነው እንጂ ምን ሆነሽ!” ይሏቸዋል። እኚህ እናት “እስቲ አንተ አንባቢው፣ ምን ትላለህ?” ብለው ጠየቁኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ያነበብኩትን ለእሳቸው ብቻ ከምነግር ለሁላችንም ይሁን ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ራጅ ምን ያያል?

ራጅን ያገኘው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1895። በወሩ ያነሣው ዝነኛ ፎቶ ደግሞ የሚስቱ እጅ ነው። አጥንቷና ቀለበቷ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ልብ በሉ፤ የታየው አጥንትና ቀለበት ነው! በሁለት አጥንቶች ጫፍ ላይ ተለብጦ እንዳይፋጩ የሚያደርገው ልም አጥንት በራጅ አይታይም። ሐኪሙ የሚያየው በአጥንቶቹ መሐል ያለውን ክፍተት ነው። ልም አጥንቱ እየሳሳ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ዳር ዳሩን አጥንት እንደ እሾህ ያቆጠቁጣል፣ ከሥሩ ያለው አጥንትም በፎቶው ላይ ይነጣል። በሽታው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል።

ኬልግሬንና ሎረንስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ይህን ለውጥ ከ0 እስከ 4 ደረጃ አወጡለት፤ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን ደረጃው የሚለካው አጥንቱን እንጂ ሕመሙን አይደለም። በሽታው ገና ሲጀምር ጣት እያመመ ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ራጁ 4 ላይ ደርሶ እምብዛም ላያመው ይችላል። ሁለቱም እናቶች እውነታቸውን ነው!

በሽታው እንዴት ይሄዳል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሦስት ቦታ ነው፤ ጥፍር አጠገብ ያለውን አንጓ፣ መካከለኛውን አንጓና የአውራ ጣትን ሥር። ሲሠሩ ያማል፣ ሲያርፉ ቀለል ይላል። ጠዋት ጣት ይገትራል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል። ዓመታት ሲያልፉ ጉጡ ይወጣል። ጥፍር አጠገብ የሚወጣው ጉጥ ከሪህ የተለየ መሆኑን የጻፈው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሄበርደን ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ጉጡ ሲወጣ ሊቀላና ሊያቃጥል ይችላል። ቆይቶ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይበርድና እብጠቱ ብቻ ይቀራል። የመጀመሪያዋ እናት “ለምጄዋለሁ” ያሉትም ይኸው ነው። ሴቶችን፣ በተለይ ካረጡ በኋላ፣ ይበልጥ ያጠቃል፤ በዘርም ይወርዳል።

ይህን ግን አትናቁት!

ጠዋት የሚገትራችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ እብጠቱ እንደ አጥንት የጠጠረ ሳይሆን ለስለስ ያለ ከሆነ፣ የተያዘውም የእጅ አንጓና የጣቶች ሥር ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። የሰውነት መከላከያ ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ቶሎ መድኃኒት ካልተጀመረ እጅን ያሽመደምዳል። “ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው” እያሉ መቀመጥ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል በአቅራቢያ እያሉ ጣት ማስተኮስ ምን ይሉታል?

ምን ይሻላል?

ያለቀውን ልም አጥንት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕመሙን ማቅለል ግን ይቻላል። እጅን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መንከር፤ ጣትን ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት፤ ድስቱን በጣት ጫፍ ሳይሆን በሁለት እጅ ማንሣት፤ የቢላና የማማሰያ እጀታ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ማወፈር፤ ለአውራ ጣት ደግሞ ደጋፊ ማሰሪያ። ዲክሎፌናክ የሚባለው ቅባት ከክኒኑ በፊት ይሞከራል። ክኒኑ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው አደጋ አለውና ሐኪም ሳይጠይቁ እየገዙ መዋጥ ይቅር።

በመጨረሻ ለእኚያ ባለቤት አንድ ቃል አለኝ። አባቴ፣ መሣሪያው አልመሰከረባቸውም፤ ማየት የማይችለውን አላየም እንጂ። ይህን በሽታ ብዙ ጊዜ የሚለየው የሐኪም እጅና የታማሚዋ ቃል ነው። እስቲ ዛሬ ሊጡን እርስዎ ያቡኩላቸው!

ቸር እንሰንብት!