አፕግሬድ ወይስ ፎርማት፤ ስለ ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና

ሥርዓተ ክወና በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር፣ በኪቦርድ የተመታውን ፊደል ተቀብሎ በስክሪን የሚያሳይ፣ የእያንዳንዱን ሰነድ ማኅደር ለይቶ የሚያውቅ መጋቢ ሲሆን፣ ዘመኑ ሲያልፍ ባለቤቱ ከሁለት አንዱን ይመርጥ ዘንድ ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም ነባሩን እንዳለ አፕግሬድ ማድረግ፣ አለዚያም ፎርማት አድርጎ፣ ማለትም ሁሉን አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ መጫን ነው።

በጅዳ፣ በሩዋይስ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለራሱም ሆነ አገር ቤት ላለ ወንድሙ ያገለገለ ላፕቶፕ ቢገዛ፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ያገኘው ይሆናል። ይህ ሥርዓት ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ወጥቶ መደበኛ የጥበቃ አገልግሎቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ መሣሪያው 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ አካልና ተቀባይነት ያለው ፕሮሰሰር ካለው ወደ ዊንዶውስ 11 ቢሻገር ይበጀዋል።

አፕግሬድ የመረጠ ሰው ሰነዱም ፎቶግራፉም ፕሮግራሙም በየቦታቸው ይቆዩታል፤ አሮጌው ሥርዓትም «ዊንዶውስ ኦልድ» በተባለ ፎልደር ስለሚቀመጥ፣ አዲሱ ያልተስማማው እንደ ሆነ በ10 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን የተደበቀ ቫይረስ ካለ እርሱም አብሮ ሊሻገር ይችላል። ፎርማት ግን፣ ጸሐፊ አሮጌውን ብራና ፍቆ አዲስ ድርሰት እንደሚጽፍበት፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ተነሥቶ ዲስኩን ጠርጎ ይጀምራል፤ ኮምፒዩተሩ ቀድሞ ሕጋዊ ዲጂታል ፈቃድ ከነበረውና የተጫነው ያው እትም ከሆነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱ ራሱ ይጸናል።

የአማርኛ ጸሐፊ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደ ተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ሥፍራ ያኖሩ ነበር። ስለዚህ በዚያ ፊደል የተጻፈ የአንድ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ከፍላሽ ተመልሶ ሲከፈት፣ ፎንቱ ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ጠፍቶ ከሆነ፣ «ሀ» እና «ለ» በነበሩበት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይታያል፤ ሰነዱ ሳይጠፋ ንባቡ ይጠፋል። ለፎርማት የተነሣ ሰው እንግዲህ ሰነዱን ብቻ ሳይሆን፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» ከሚለው ማኅደር ፎንቱን ጭምር ይቅዳ፤ ዋና ዋናዎቹንም ጽሑፎች ወደ ፒዲኤፍ ይለውጥ።

በጠቅላላው፣ ታሪኩን የሚያውቀውና ሕመም የሌለበት ኮምፒዩተር ያለው ሰው አፕግሬድ ቢያደርግ ከድካም ይድናል፤ ከገበያ ያገለገለ የገዛ ግን የቀድሞው ባለቤት ምን እንደ ተወበት አያውቅምና ፎርማት ያድርግ። በሁለቱም መንገድ መብራት ሊጠፋ፣ ዲስክም ሊበላሽ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ቅጂ ማስቀመጥ ለአፕግሬድም የማይቀር ግዴታ ነው።