ሲንጀራችሁ እምቢ አለ? ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አራዳ ውስጥ ባደግኩበት ቤት የእናቴን የስፌት መኪና ማንም እንደ ተራ ዕቃ አያያትም ነበር። ደብተራችንም ጫማችንም የሚገዛው በእሷ ነው። አንድ ቀን መንጫጫት ስትጀምር ላግዝ ብዬ የምግብ ዘይት አፈሰስኩባት። ለጥቂት ቀን ጸጥ አለች። ከወር በኋላ ግን ጎማዋ በሁለት እጅም አልዞር አለ። እናቴ የተቀበለችውን ሥራ ለሌላ ልብስ ሰፊ አሳልፋ ሰጠች።

ፒያሳ የነበረ ጠጋኝ ከፍቶ ሲያያት ሳቀ። "አልተበላሸችም፣ ተጣብቃ ነው" አለኝ። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ይወፍርና እንደ ሙጫ ይደርቃል። የመኪና ሞተር ዘይትም ወፍራም ነው፣ ጨርቅም ያበላሻል። የሚያስፈልገው ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት ነው።

ጠጋኙ አሁን እዚያ የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ተበትነዋል። ስለዚህ ያሳየኝን ላካፍላችሁ።

1. መርፌውን፣ ክሩንና ቦቢኑን አውጡ። የእግር ከሆነ ቺንጋውን አውርዱ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ ከሶኬት ንቀሉ።

2. ከመርፌው ሥር ያለውን ሳህን በካቻቢቴ ፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ብሎኖቹን አንድ ክዳን ላይ አስቀምጡ። ጨርቅ በሚገፉት ጥርሶች መካከል የታጨቀውን የክር ብናኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጡ። በአፍ እፍ አትበሉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብናኙንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

3. የደረቀ ዘይት ካለ መጋጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርጉና እደሩ። በማግስቱ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ አነቃንቁት። በጉልበት አትታገሉት፤ ካልለቀቀ ድገሙት። ቡናማ ቆሻሻ ሲወጣ ጥረጉ። መስኮት ክፈቱ፤ ሻማም ሆነ የከሰል ምድጃ አጠገባችሁ አይኑር።

4. ጋዝ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም። ስለዚህ በደንብ ከጠረጋችሁ በኋላ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጠብታ ዘይት፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ማሽኑን ወደ ኋላ አጋድማችሁ ከሥር ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ሁሉ ጠብ አድርጉ። ቺንጋው ላይ ግን እንዳይነካ፣ ይንሸራተታል።

5. ያለ ክር ለጥቂት ደቂቃ አሽከርክሩት። ቀጥሎ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ፤ የዘይት ምልክት መተው ሲያቆም የደንበኛ ጨርቅ ማስገባት ትችላላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮዎቹን ጥቁር ገላ በአልኮልም በቤንዚንም አትጥረጉ፤ ወርቃማው ጽሑፍና ሐረጉ ይለቃል። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ የማሽኑን ዘይት ማድረግ ይበቃል።

ቀኑን ሙሉ የምትሰፉ ከሆነ በየቀኑ ዘይት ጠብ አድርጉ። አልፎ አልፎ የምትሰፉም ብትሆኑ ከረጅም ቆይታ በኋላ ከመጀመራችሁ በፊት አትርሱ።

እነዚህ የድሮ ማሽኖች ከሞላ ጎደል ብረት ናቸው። ብዙ ጊዜ ሞቱ የምንላቸው ቆሽሸው ወይ ዘይት አጥተው ነው። ቁራሌው ግን በኪሎ ነው የሚመዝናቸው። የእናቴ ማሽን ከሁለት ሌሊት ነጭ ጋዝ በኋላ ዞረች። እስከዛሬም እንጀራችን ናት። የምታውቋት ልብስ ሰፊ ካለች ሼር አድርጉላት።