ለኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ፈተና እንዘጋጅ

የዛሬው ትምህርታችን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የብቃት ፈተና ለሚዘጋጁ ነው።

ብዙ ሰው ሽቦ መዘርጋትና ሶኬት መግጠም ከሥራ ላይ ተምሯል። የጽሑፉ ፈተና ሲመጣ ግን ይፈራል። ምን ያስፈራል? ወረቀቱ የሚጠይቀው እጃችሁ የሚሠራውን፣ ግን ምክንያቱን ጭምር ነው።

እስቲ እርሳስ ያዙ። የእንጀራ ምጣዱ ላይ 3300 ዋት የሚል ተጽፏል እንበል። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 3300 ለ220 ሲካፈል 15 ይሆናል። ምጣዱ 15 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ስለዚህ የፊውዙ ቁጥር ከ15 ማነስ የለበትም፤ ሽቦው ደግሞ ከፊውዙ የበለጠ መቻል አለበት። ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ ዕቃው፣ ፊውዙ፣ ሽቦው። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ፊውዝ የተገጠመ እንደሆነ፣ ፊውዙ ሳይቆርጥ ሽቦው ይግላል፤ ቤት ያቃጥላል።

ሌላም አለ። ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ነው። ለምን ቢሉ፣ ኒውትራሉ ብቻ ቢቆረጥ መብራቱ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪኩ ግን አምፖሉ መግጠሚያ ላይ ይቆያል። አምፖል የሚቀይረውን ሰው ይይዘዋል!

በሉ፣ ማታ የቤታችሁን ዕቃዎች ዋት እያነበባችሁ አካፍሉ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።