የቦሎቄ መስኖና ማዳበሪያ ወጪውን ይመልሳልን?

ብዙ ያመረተ ሁሉ ብዙ አተረፈ ማለት አይደለም፤ ትርፍ የሚባለው ከሽያጭ የገባው ገንዘብ ከወጣው በልጦ ሲገኝ ነውና። በስምጥ ሸለቆ፥ በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ቦሎቄን በመስኖ ለማልማት ያሰበ ገበሬም ከመዝራቱ በፊት ይህን ሒሳብ ማስላት ይገባዋል።

በመጀመሪያ ውሃውን እንመልከት። ቦሎቄ ከዘር እስከ አጨዳ እንደ ዐየሩ ጠባይ ከ300 እስከ 500 ሚሊሜትር ውሃ ይፈልጋል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ፥ 400 ሚሊሜትር 4,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዝናም በሌለበት ወራት ከመቶው 40 እጅ በቦይ ውስጥ ሰርጎና ፈሶ ቢባክን፥ በሞተር መሳብ የሚኖርበት 6,700 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ከ2,600 የሚበልጠው ነዳጅ ተከፍሎበት ያለ ፍሬ ቀረ ማለት ነው። ስለሆነም ቦይ መጠገንና መሬት መደልደል ሌላ ሞተር ከመግዛት ይቀድማል። ነዳጅ ቢያጥር እንኳ ውሃው አበባ ለሚያወጣበትና ፍሬ ለሚቋጥርበት ጊዜ ይቆጠብ። ይሁን እንጂ ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳልና ማብዛትም ጉዳት አለው።

ወደ ማዳበሪያው ስንመጣ፥ በቦሎቄ ሥር ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዐየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። ነገር ግን ቦሎቄ በዚህ ረገድ ከባቄላ ይደክማል፤ ከዚህም የተነሣ በዘር ጊዜ ጥቂት ናይትሮጅንና በቂ ፎስፎር ይሻል። ከ100 ኪሎ ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል፤ ከ100 ኪሎ ዩሪያ ግን 46 ኪሎ። ዩሪያ ሲበዛ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ይፈታሉ፤ ቅጠሉም ይንዠረገጋል እንጂ ፍሬው በዚያው ልክ አይጨምርም። ለሄክታር ጥቂት መቶ ግራም የሚበቃውን ሕይወታዊ ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር አሽቶ መዝራት ግን ወጪው ቀላል ነው።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው፤ በመጨረሻ የተጨመረው ማዳበሪያ የ2 ኩንታል ቦሎቄ ዋጋ ፈጅቶ 1 ኩንታል ተኩል ብቻ ቢያስገኝ፥ ማሳው አምሮ ባለቤቱ ከስሯል። በ2014 ዓ.ም. የሩስያና የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ መናሩ፥ ዓምና ያዋጣው መጠን ዘንድሮ ላያዋጣ እንደሚችል አስተምሯል። ይልቁንም በብድር የገዛ ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል ሲል ሁሉም በሚሸጥበት በአጨዳ ሰሞን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

ስለዚህ ገበሬው በማሳው ዳር ጥቂት ትልም ያለ ማዳበሪያ ትቶ፥ የሁለቱን ምርት በሚዛን ያስተያይ። ከዚያ በኋላ ከሻጭ ምክር ይልቅ የገዛ መሬቱን ምስክርነት ይመን።