ቤቱን የሚያስወድደው መንገዱ ነው

ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ ካሬ ሜትሩ ነው። ቀጥሎም ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱና ስለ ደረጃው ይጠይቃል። ዋጋው ሲነገረው ግን ያ ሁሉ ጥያቄ የገንዘቡን ልክ እንደማይገልጽለት ይረዳል። በአንድ ዓይነት ሲሚንቶና በአንድ ዓይነት ፕላን የተሠሩ ሁለት አዳዲስ የኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ አንደኛው ከመጓጓዣ መሥመር አጠገብ፣ ሁለተኛው ከመሥመሩ ርቆ በመገኘቱ ብቻ፣ በገበያ ላይ የሚያወጡት ዋጋ ይለያያል። እንግዲህ ልዩነቱ የሚከፈለው ለግድግዳው አይደለም፤ ለመንገዱ ነው ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ከደመወዙ እየቆጠበ ቤት ለመያዝ ለሚያስብ ወጣት ሠራተኛም ሆነ ነገ ሥራ ለሚይዝ ተማሪ ቀላል አይደለም። የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን ፊርማ የሚሰጥበት ነገር ነውና። ስለዚህ የቤት ዋጋና መንገድ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከድሬዳዋ አካባቢ ተነሥተን ልንመረምር ወደድን። ድሬዳዋን የመረጥንበት ምክንያት ከተማይቱ ራስዋ የመንገድ ልጅ በመሆንዋ ነው።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐርላ የሚባል ሥፍራ ይገኛል። ዛሬ የገበሬዎች መንደር ነው። ገበሬዎቹ መሬቱን ሲያርሱ የሸክላ ስባሪና የቻይና ሳንቲም ያገኙ ነበር፤ የግንቡ ድንጋይ ትልቅነትም ቦታው የግዙፋን ሰዎች ከተማ ነበር እስከ ማሰኘት ደርሷል። በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው የአርኪኦሎጂ ጓድ ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ያካሄደው ቁፋሮ ውጤት በ2009 ዓ.ም. ሲገለጽ ግን የነገሩ ምሥጢር ታወቀ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ መቃብሮች፣ እንዲሁም ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። ሐርላ የግዙፋን ሳትሆን የነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ከተማ ነበረች። ጥናቱ እንደሚያመለክተው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሰው ኖሮባታል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው በንግድ ስሙ የገነነው የሐረር ከተማ ነው።

በሐርላ ያ ሁሉ ንግድ በደራበት ዘመን ከነጋዴው መንገድ አጠገብ ቤት መያዝ ምን ያህል እንዳስከበረ መገመት አያዳግትም። ዛሬ ድንጋዩ በቦታው አለ፤ የንግዱ መንገድ ግን የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ነው፤ የመንገድ ዳር ቤት የሚወደደው መንገዱ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት የሰጠችን ድሬዳዋ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ሐዲዱ ሐረርን እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ሆኖ በመገኘቱ መሥመሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ላይም ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። የከተማይቱ የመጀመሪያ ስም «አዲስ ሐረር» መባሉ ራሱ ነገሩን ይናገራል። ባቡሩ ከቆመበት አጠገብ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሉት ከዚራ ተሠራ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ከነገበያው ተስፋፋ። ለከተማ ቦታ ተብሎ ዋጋ ያልተቆረጠለት ሜዳ ዋጋ ያገኘው በሐዲድ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ያ የቆየ ባቡር ዝም አለ። በምትኩ የተሠራው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ግን ከከዚራ ደጃፍ ሳይሆን ከከተማው መኻል ራቅ ብሎ ነው የተሠራው። በከተማው ዳር የኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክሏል፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ደግሞ በአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በዚሁ በድሬዳዋ ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ የቦታ ፈላጊ ዓይን ወደ ዳሩ ቢያማትር አያስደንቅም።

እዚህ ላይ ቤት ፈላጊው ሊለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሩቅ አገር ባቡር ጣቢያ ሌላ ነው፤ የዕለት መጓጓዣ መሥመር ሌላ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ባቡር ጧት ጧት ሠራተኛውን ከመሥሪያ ቤቱ አያደርሰውም፤ ልጁንም ከትምህርት ቤት አይመልስለትም። በድሬዳዋ ይህን አገልግሎት የሚሰጡት ባጃጅና ሚኒባስ ታክሲ ናቸው። ስለሆነም «ለባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው» ተብሎ ዋጋው ከፍ ያለ ቤት ሲቀርብልን፣ ከደጃፉ ጧት በአንድ ሰዓት ምን ያህል ተሽከርካሪ እንደሚነሣና ማታ ከጨለመ በኋላ መመለሻ ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በርካሽነቱ የሚያጓጓውም ቦታ ቢሆን ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ድሬዳዋ አልረሳችም። ለመንገድ ቅርብ ሆኖ ለወንዝም ቅርብ የሆነ ቤት ዋጋው በብር ብቻ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል፣ ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። ከመሥመር አጠገብ ያለው ከሩቁ ይልቅ በ300,000 ብር ይወደዳል። የሩቁ ነዋሪ በሁለት ተሽከርካሪ እየተቀያየረ በቀን 40 ብር ተጨማሪ ለመጓጓዣ ያወጣል። በወር 22 የሥራ ቀን ብንቆጥር 880 ብር፣ በዓመት 10,560 ብር ይሆናል። ባልና ሚስት ሁለቱም ሠራተኞች ከሆኑ በዓመት 21,120 ብር፣ በ20 ዓመት 422,400 ብር ይደርሳል። ርካሽ የተባለው ቤት ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ያ 300,000 ብር በብድር የሚገኝ ከሆነ ወለድ ይከተለዋል፤ ወለዱም ከፍ ያለ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ሩቁ ቤት ሊያደላ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ የመጓጓዣ ዋጋ ለ20 ዓመት ባለበት አይቆምም። ከዚህም በላይ በደረሰኝ የማይመዘገብ ወጪ አለ። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል በመንገድ የሚያጠፋ ሠራተኛ በዓመት 396 ሰዓት፣ ማለትም በቀን ስምንት ሰዓት ቢታሰብ 49 የሥራ ቀን ተኩል ያጠፋል። ማታ ለመማር ለሚፈልግ ወጣት ይህ ጊዜ የዲግሪው ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ይህን ነገር በሰፊው አሳይታናለች። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ቤቱ በዕጣ ይታደላል። ዕጣ አድልዎን ለመከላከል መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ባለዕድሉ የት እንደሚሠራ አይጠይቅም። በቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መጨረሻ በአያት አካባቢ የደረሰውና ሐዲድ በሌለበት በኮዬ ፈጬ የደረሰው ሰው ሁለቱም «ዕጣ ወጣላቸው» ይባላል፤ የጧት ጉዞአቸው ግን አንድ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ሁለቱ መሥመሮቹ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙት ያ ባቡርም ቢሆን፣ ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ ታይቷል። ለሐዲዱ ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለ ሰው ያን ጊዜ በታክሲ ሰልፍ ላይ ከሌላው ጋር እኩል ቆሟል። የሐርላ ትምህርት በዘመናችንም ይሠራል ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ዝምድና ቀደም ብለው የተረዱት አሉ። ኢቺዞ ኮባያሺ የተባለው ጃፓናዊ በኦሳካ አጠገብ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲዘረጋ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 በመሥመሩ ዳር ቤት እየሠራ በየጊዜው በሚከፈል ገንዘብ ለደመወዝተኞች ይሸጥ ነበር። ባቡሩ ለቤቱ ዋጋ፣ ቤቱም ለባቡሩ ተሳፋሪ አስገኘለት። በሆንግ ኮንግም የባቡሩ ኩባንያ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ቤት የማሠራት መብት እየተሰጠው፣ ከዚያ በሚያገኘው ገቢ ሐዲዱን ያሠራል።

በአገራችን የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ ዛሬም በሊዝ ይሰጣል። እንግዲህ መንገድ በሕዝብ ገንዘብ ሲሠራ የሚጨምረው የቦታ ዋጋ በከፊል ለዚያው መንገድ መጠበቂያና መለዋወጫ እንዲመለስ ማድረግ ከሌላው አገር ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነበር። ለዚህም የቤት ሥራውና የመጓጓዣው ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መዘጋጀት አለባቸው። ቤቱ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ መፈለግ ወጪን ወደ ነዋሪው ኪስ ማዛወር ነው።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች መካከል አንዳንዶቹ ነገ የቤት ቦታ የሚመርጡ፣ የመንገድ በጀት የሚያዘጋጁ ሹማምንት ይሆናሉ። ሌሎቹ ደግሞ የቤት ውል ይፈርማሉ። ለሁለቱም ወገን ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ቤት ከመንገዱ ጋር ሲደመር ስንት ያወጣል? መንገዱንስ ከ20 ዓመት በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ በካሬ ሜትር ዋጋ ብቻ መፍረድ ግማሹን ሒሳብ ሠርቶ ደብተሩን እንደ መዝጋት ነው።