ተጨማሪ መረጃ፦ ፕሪንተሩ ለስልኩ ካልታየው

ከስማርት ስልክ በዋይፋይ የተላከ ሰነድ ሳይታተም ሲቀር፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ፕሪንተሩ ላይ ሳይሆን ኔትወርኩ ላይ ነው። ስልኩ በኔትወርኩ ውስጥ ላሉ መሣሪያዎች ሁሉ የፍለጋ መልእክት ይበትናል፤ ፕሪንተሩም መኖሩን አሳውቆ ይመልሳል። ይህ መልእክት በአብዛኛው ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገርም። ስለዚህ ስልኩ በሞባይል ዳታ ወይም ለእንግዶች በተለየ ዋይፋይ ላይ ከሆነ፣ ፕሪንተሩ አጠገቡ ቢሆንም አይታየውም። ቪፒኤንም ግንኙነቱን ሊዘጋው ይችላል።

ትናንት በደህና ሲያትም የነበረ ፕሪንተር ዛሬ ከጠፋ፣ ራውተሩ አዲስ የአይፒ አድራሻ ሰጥቶት፣ ወይም የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ፕሪንተሩን ከስልኩ ላይ ሰርዞ እንደገና መጨመር ይበቃል፤ በሁለተኛው ግን አዲሱን የይለፍ ቃል ፕሪንተሩ ላይ ማስገባት ግድ ነው። ፕሪንተሩ እየታየ የማያትም ከሆነ፣ በወረፋው ላይ ተይዞ የቀረ ሰነድ ከኋላው ያሉትን አግዷቸው ይሆናል፤ እሱን መሰረዝ ያስፈልጋል።

አይፎን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤርፕሪንት በተባለው አሠራር ያትማል። አንድሮይድ ደግሞ ከ8ኛው እትሙ ጀምሮ የራሱ የህትመት አገልግሎት አለው። ከዚያ በፊት ለነበሩ ስልኮች የፕሪንተሩ አምራች ያዘጋጀውን መተግበሪያ መጫን ያስፈልጋል።