ፀረ-ተባይ መድኃኒት የጫነ መኪና አመረማመር

ፀረ-ተባይ መድኃኒት ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን የሚደርሰው በጭነት መኪና ነው። ያው መኪና ባዶውን ላለመመለስ ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ዱቄት ጭኖ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው መኪናው መድኃኒቱን ይዞ ሲመጣ ነው፤ የባሰው አደጋ ግን በመልሱ ጉዞ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎምቢያ አገር ቺኪንኪራ በተባለች ከተማ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ፓራቲዮን የተባለ መርዝና የስንዴ ዱቄት በአንድ መኪና ተጫኑ። መርዙ ፈስሶ ዱቄቱን በከለው። ከዱቄቱ የተጋገረውን ዳቦ የበሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ከሟቾቹ የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። የምድጃው እሳት መርዙን አላጠፋውም። ስለዚህ ምርመራው በሦስት ጊዜ እንዲደረግ እንመክራለን።

1. ከመጫኑ በፊት
ፍሬን፣ ጎማና መብራት ይታያሉ። ቀጥሎ የጭነቱ ወለልና ጎኖች ይፈተሻሉ። የወጣ ምስማር ወይም የተሰበረ ጣውላ ከረጢት ይቀድዳል፤ ጀሪካን ይበሳል። ሸራው ያልተቀደደ መሆን አለበት። ፈሳሹ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ከታች፣ ዱቄቱ ከላይ ይደረደራል። እህል፣ መኖ፣ የቤት ዕቃ ወይም ተሳፋሪ አብሮ አይጫንም። ሾፌሩም የጫነውን ዝርዝር በጽሑፍ ይይዛል።

በዕቃው ላይ ያለው ምልክትም ይነበባል። በብዙ መድኃኒቶች መለያ ወረቀት ግርጌ ያለው ቀይ መስመር ከሁሉ የከፋውን መርዝ ያመለክታል። ቢጫ መካከለኛውን፣ ሰማያዊ ከዚያ ያነሰውን ያሳያል። ለነቀዝ የሚውለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲነካው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ እርጥብ ሸራ አይልበስ፤ ሰው ባለበት ጋቢናም አይያዝ።

2. መኪናው ሲደርስ
ሸራው ተገልጦ አየር እስኪገባ ጥቂት ይጠበቃል። መርማሪው ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ይቆማል። አራጋፊዎች ጓንት፣ ቦት ጫማና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። ዕቃው ከዝርዝሩ ጋር እየተመሳከረ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የፈሰሰ ፈሳሽ ካለ ደረቅ አፈር ወይም ሰጋቱራ ይነስነስበት፤ ከመጠጠ በኋላ ተጠርጎ ምልክት በተደረገበት በርሜል ይከደን። የፈሰሰውን በውሃ ገፍቶ ወደ ቦይ መልቀቅ መርዙን ወደ ከብቱና ወደ ሰው መጠጥ መላክ ነው። ፎስፋይድ ከተበተነ ግን ውሃ ጨርሶ አይጠጋው፤ ሰው ይራቅ፤ ሥልጠና ያለው ባለሙያ ይጠራ።

3. ካራገፈ በኋላ
ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ምርመራ ነው። ወለሉ ተጠርጎ ይታያል፤ እርጥበት፣ እድፍ ወይም ሽታ ይፈለጋል። የብረት ወለል ከጉድጓድ ውሃ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ በሳሙና ይታጠባል። የእንጨት ወለል ግን መርዙን ስለሚመጥ ታጥቦም አይታመንም። መርዝ የፈሰሰበት ጣውላ እስካልተለወጠ ድረስ ያ መኪና እህል፣ ዱቄት ወይም መኖ አይጭንም።

ባዶ መመለስ ኪሳራ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ለማቃለል የኪራይ ውል ሲፈረም የመልሱ ጭነት አሸዋ፣ ድንጋይ ወይም ሌላ የማይበላ ዕቃ እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ይጠቅማል።

እያንዳንዱ ማኅበር የመኪናውን ታርጋ፣ ቀኑን፣ የተጫነውን፣ የተገኘውን ጉድለትና የመርማሪውን ፊርማ የሚይዝ መዝገብ ይኑረው። እህል ሊጭን የመጣ ሾፌርም «ከዚህ በፊት ምን ጭነህ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ካላጠገበ መኪናውን መመለስ የማኅበሩ መብት ነው። የልማት ሠራተኞችም ይህን ለመጋዘን ጠባቂዎችና ለጫኝና አውራጆች በቃልም በተግባርም እንዲያስተምሩ እናሳስባለን።